ከላ ቶርዲና የመጣ ወይን

ሃልቮር ሦስተኛውን ጠርሙስ ከካርቶኑ መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ሲያቆመው፣ ተረፈ አንድ እጁን ከጓንቱ አላቆ ሌላውን በጥርሱ እየጎተተ ነበር። ነጭ ወረቀት፤ በጥቁር ቀለም የተሣለች ትንሽ ወፍ፤ ከወፏ ሥር የእርሻው ስም። ላ ቶርዲና። አንድ ጊዜ አነበበው። ሁለተኛውን ጓንት ሳያወልቀው ቀረ።

«ይህን የት አገኘኸው?» አለ።

ሃልቮር እጆቹን አፋተገ። «አየህ? ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንተ አንድ ቤት አገኘሁ። መንገድ ጠፍቶብኝ እኮ ነው። ከኦቫዳ ወጥቼ ወንዙን ተሻገርኩ፣ ዝናቡ ደግሞ አያስነዳም። በራቸው ላይ ምልክት እንኳ የለም። አንዲት ሴት ቱታ ለብሳ ትራክተር ስታጥብ አየሁና ቆምኩ።»

«ወንዙን ተሻገርክ?»

«አንተ ማዶ ምንም የለም ስትለኝ ነበር። አለ እንጂ! ምን የመሰለ አለ!»

እውነቱን ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ሲለው ነበር።

ተረፈ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚሠራው ጽዳት ነው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ማለዳ ከግሮሩድ በመጀመሪያው ባቡር ይወርድና አራቱን ፎቅ ጠርጎና ወልውሎ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ይጨርሳል። የሃልቮር ቢሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሃልቮር ወይን አስመጪ ነው፤ ግን ከትልልቆቹ አይደለም። ትልልቆቹ ስም ያለውን ያመጣሉ። እሱ ደግሞ ማንም የማያውቃቸውን፣ አባትና ልጅ ሆነው በዓመት ጥቂት ሺህ ጠርሙስ የሚጠምቁ ገበሬዎችን እየፈለገ ወይናቸውን ለኦስሎ ምግብ ቤቶች ያቀርባል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በሰሜን ጣሊያን፣ ከጄኖቫ ወደብ ጀርባ ያሉትን የኦቫዳ ኮረብቶች ነው። እዚያ ዶልቼቶ የሚሉት ጥቁር ወይን ይበቅላል። ዝነኛ አይደለም፤ ሃልቮርም የወደደው ለዚሁ ነው። ችግሩ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ኢንተርኔትም የላቸውም። የሃልቮር ጣሊያንኛ ደግሞ ምግብ ከማዘዝ አያልፍም።

አንድ ቀን ተረፈ መስኮት ሲወለውል ሃልቮር ስልክ ላይ ሲንተባተብ ሰማው። ጥቂት ታገሠው። ከዚያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ስጠኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ። አሥር ደቂቃ አወራ። ሲዘጋው ሃልቮር አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራው በኋላ ይቀመጥለታል። ዘዴውንም ያመጣው ራሱ ተረፈ ነው። ወደ አንዱ መንደር ቡና ቤት ይደውላል፤ ባለቤቱን ስለ ዝናቡና ስለ በረዶው ይጠይቀዋል፤ ነገሩ ሲሞቅ፣ «ለገበያ ሳይሆን ለቤቱ ብሎ የሚጠምቅ ማን አለ?» ይለዋል። ቡና ቤቱ ካላወቀ ቄሱ ያውቃል። በዚህ መንገድ አራት ቤቶች አገኙ። አራቱም ከወንዙ ወዲህ ናቸው።

ጣሊያንኛውን የት እንደተማረ ሃልቮር ጠይቆት ነበር። «መርከበኛ ነበርኩ፣ ጄኖቫ ብዙ ቆይተናል» አለው። ያ ሐሰት አይደለም። ግማሹ ነው።

ሃልቮር ቡሹን ነቅሎ ቀዳ። «ቅመሰው።»

«ረቡዕ ነው። ጾም ነው።»

«ከአንተ ጋር ሁልጊዜ ረቡዕ ነው» አለና ሃልቮር ሳቀ፤ ብርጭቆውንም ለራሱ አነሣ።

ሽታው ግን ሳይጠሩት መጣ። የኮክ ፍሬ ውስጡ ሲሰበር ያለው ምሬት፣ ከዚያም በታች የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ። ተረፈ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገ። ውጭው ኅዳር ነው፤ በረዶም ዝናብም ያልሆነ ነገር ከሰማይ ይወርዳል፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መብራት በርቷል።

«ስማኝ፣» አለ ሃልቮር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባንኮቹ ከወደቁ ወዲህ ክሮነሩም ወድቋል፤ ምግብ ቤቶቹ ትዕዛዝ እየሰረዙ ነው። በሚመጣው ሳምንት ስድስት ባለ ምግብ ቤቶች ሊቀምሱ ይመጣሉ። ይህ ካልያዘልኝ ይህን ክፍል ለማን እንደምለቅ አላውቅም። ሴትዮዋ ኦርኔላ ትባላለች፤ አባቷ ሞቷል። ከሁለት ሺህ ስድስቱ ምርት ስንት ጠርሙስ እንዳላት ጠይቅልኝ። የቤቱንም ታሪክ። በተለይ ምድር ቤታቸው ውስጥ ስላለው ስለዚያ አሮጌ የሲሚንቶ ጋን። ጣራ ይደርሳል! ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ በራሪ ወረቀቱ ላይ አወጣዋለሁ።»

«ዛሬ ጉሮሮዬ ልክ አይደለም።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ!» ሃልቮር ቁጥሩን ራሱ መትቶ ስልኩን እጁ ላይ አኖረለት።

ተረፈ የፈራው የሽማግሌውን ድምፅ ነበር፤ መሞቱ ተነግሮትም እንኳ። «ፕሮንቶ?» ያለችው ግን ሴት ናት፤ ጎልማሳ፣ ትንሽ የደከማት ሴት። ከኦስሎ መሆኑን ነገራት፤ ኖርዌጂያኑን ወዲያው አስታወሰችው። ስድስት መቶ ያህል ጠርሙስ አለን አለች። ተረፈ ለሃልቮር ስድስት ጣቱን አሳየው። ሃልቮር ጡጫውን ጨብጦ አየሩን መታ።

«ደግሞም፣» አለ ተረፈ፣ «ሰውየው ክሮታው ውስጥ ስላለው አሮጌ ጋን ሊጠይቁ ፈልገው ነበር።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ምድር ቤቱን ጣሊያን ሁሉ ካንቲና ነው የሚለው። ክሮታ የሚሉት የዚያ አገር ገበሬዎች ናቸው።



«ይህን ቃል ከየት አገኙት?» አለች ሴትዮዋ።

«ከሰው ሰምቼ ነው።»

«ኖርዌይ ውስጥ? ስምዎን አልነገሩኝም እኮ።»

ተረፈ ሃልቮርን አየው። ሃልቮር በርታ እንደማለት ራሱን ነቀነቀለት።

«ተረፈ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። «ቴሪ፣» አለች። «አንተ ነህ? ትራክተሩ ላይ ታስቀምጠኝ የነበርከው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረው እንጂ አልዘጋውም።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣» አለች። «ጓደኛህ አቤ ከግንቡ ወድቆ ሞተ ነው ያሉን። እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ ያንኑ ነበር የማምነው። አባቴ ሊሞት ሲል ሌላውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቶ ነገረኝ። ጋኑ ውስጥ መሞቱን፣ እሱና አንተ ተሸክማችሁ ማውጣታችሁን። ሁሉንም።»

«ሲኞራ፣ አጠገቤ ሰው አለ።»

«ጣሊያንኛ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እንግዲያ አድምጠኝ፤ ዳግመኛ እንደማገኝህ አላውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ የመቃብሩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። አሮጌው ክፍል በጃንዋሪ ይቆፈራል። ዘመድ ያለው አጽም ለዘመዱ ይሰጣል፤ የሌለው ከሌሎቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ይገባል። የአቤ መስቀል ላይ የተጻፈው ‘ያልታወቀ’ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ማን እንደነበረ በፊርማው የሚያረጋግጥ ሰው አምጪ አሉኝ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሙሉ ስሙን እንኳ አላውቅም። ያ ሰው አንተ ነህ፤ ሌላ የለም። ዘመድ ነበረው?»

«አላውቅም» አለ ተረፈ።

አስቦ አይደለም ያለው። ቃሉ ለምዶት ነው የወጣው።

«ስሙንስ? ስሙን እንኳ ንገረኝ።»

ሃልቮር ሰዓቱን አየ። ተረፈ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አበጋዝ» አለ።

ሴትዮዋ ደገመችው፤ ተሰባብሮ ነው የወጣላት። ስልኩን ሲያስቀምጥ እጁ ላይ ያለው ጓንት በላብ ርሶ ነበር።

«ብዙ አወራች! ምን አለች?» አለ ሃልቮር።

«ስድስት መቶ ጠርሙስ አላት።»

«ስለ ጋኑስ?»

«አሮጌ ነው አለች።»

አበጋዝና ተረፈ ከአሰብ በአንድ መርከብ የወጡ፣ በሞተር ክፍል አብረው የሚሠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። መርከቧ ለጥገና ጄኖቫ በቆመች ጊዜ አንድ እሑድ ወረዱና ሳይመለሱ ቀሩ። ወረቀት የሌለው ሰው ከተማ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ወደ ኮረብቶቹ ወጡ። ሲኞር ኤቶሬ የሚባል ገበሬ፣ የኦርኔላ አባት፣ ወረቀት ሳይጠይቅ ተቀበላቸው። ከከብቶቹ በረት በላይ ክፍል ሰጣቸው፤ ከገበታውም አላራቃቸውም። ክፉ ሰው አልነበረም። አንዱን የወይን ለቀማ ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ደረሱ።

ወይኑ ፈልቶ ከጋኑ ከተቀዳ በኋላ አተላው በአካፋ መውጣት አለበት። አንድ ሰው ከታች ባለችው ጠባብ መስኮት ሾልኮ ይገባል። አተላው የሚያወጣው አየር አይታይም፣ አይሸትምም፤ ከታች ተኝቶ ይቆይና ሰው ጎንበስ ሲልለት ይገድላል። ስለዚህ በቤቱ ሕግ ነበር። መጀመሪያ ሻማ ይገባል፤ ሻማው ከጠፋ ሰው አይገባም። ሻማውን የሚያስገባው ተረፈ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። ሻማው ያለው ላይኛው ቤት ነው፤ ተረፈ ሊያመጣው አልወጣም። በዋዜማው ገብተውበት ምንም አልሆኑም። አበጋዝ ሸሚዙን አውልቆ፣ አካፋውን ይዞ፣ «አየኸው?» አለው።

«አይቼዋለሁ» አለው ተረፈ።

በገመድ ጎትተው ሲያወጡት ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ሲኞር ኤቶሬ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ማልቀሱን ተወና ስለ ፖሊስ ማውራት ጀመረ። ያለ ወረቀት ሰው አሠርቶ መግደል እስር ቤት ነው፤ ለተረፈም ከመርከብ የከዳ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው የታወቀ ነው። በሁለት ሆነው ተሸከሙት፤ ከወይኑ እርከን በታች፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር አስተኙት። መንደሩ ሁሉ አቤን ያውቀው ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ዝም አለ። ፖሊሱ ለወጉ ያህል ተረፈን፣ «ታውቀዋለህ?» ሲል ጠየቀው። ተረፈ አበጋዝን ከራሱ እስከ እግሩ አየና «አላውቀውም» አለ። ከሳምንት በኋላ ኮረብታውን ለቅቆ ወረደ። ሦስት ዓመት ወደብ ለወደብ ተንከራቶ በኖርዌይ መርከብ ኦስሎ ገባ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ችሎት ይኖር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፣ አንድ የፋሲካ ዕለት፣ ከሱዳን በስደተኛነት የመጣች ጤናዬ የምትባል ወጣት ከቦርሳዋ የደበዘዘ ፎቶ አወጣች። «መርከበኛ ነበርክ አሉኝ፤ ወንድሜን ታውቀው ይሆን?» አለችው። ፎቶው አሰብ ወደብ ላይ የተነሣ ነው። ከአበጋዝ አጠገብ የቆመው ተረፈ ራሱ ነበር። አላውቀውም የሚልበት ቀዳዳ አልነበረም። ስለዚህ አበጋዝ ጄኖቫ ሆስፒታል በሳንባ ምች መሞቱን፣ ቄስ አጠገቡ እንደነበረ፣ ብዙም እንዳልተሠቃየ ነገራት። ጤናዬ አልቅሳ አልቅሳ ትከሻውን ሳመችው። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ወንድም ሆነ። ስትወልድ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው፤ በየመስከረሙ የአበጋዝን ሙት ዓመት ስታወጣ ከራስጌ የምታስቀምጠው እሱን ነው። አንድ ጊዜ ባርነሃገ በሚሉት፣ በምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ያለች ኖርዌጂያዊት ረድታት ለጄኖቫ ሆስፒታሎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፈች። እንዲህ ያለ ሰው አልታከመም የሚል መልስ መጣ። «መዝገባቸው ተቃጥሎ ይሆናል» አላት ተረፈ።

የዚያን ረቡዕ ባቡሩ ሊንደሩድ ሲደርስ ብድግ አለ። የጤናዬ ሕንፃ ከጣቢያው አምስት ደቂቃ ነው። በሩ ተከፈተ፤ ብርዱ ገባ፤ አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ወረደች። በሩ ተዘጋ። ተረፈ ብረቱን እንደያዘ እስከ ግሮሩድ ቆሞ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ሦስተኛውን ፎቅ ሲወለውል ሃልቮር ቀድሞት ገብቶ ነበር። የበራሪ ወረቀቱን ናሙና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ግማሹን የያዘው ፎቶ ነው፤ ግራጫው ጋን፣ ከሥሩ ጠባቧ መስኮት፣ የብረት ክዳኗ ገርበብ ብሎ።

«ከዚህ ሥር ምን ልጻፍ?» አለ ሃልቮር። «ሞቅ ያለ ነገር። አንተ የገበሬዎቹን አነጋገር ታውቃለህ።»

«ፎቶውን አውጣው።»

«ለምን?»

«ሰው ሞቶበታል።»

ሃልቮር እርሳሱን አስቀመጠ። «መቼ?»

«የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት።»

የሃልቮር ትከሻ ሲላላ ተረፈ አየው። «ያሳዝናል፣» አለ ሃልቮር። «ግን ረጅም ጊዜ ነው እኮ። ወረቀቱ ላይ አንጽፈውም። ሴትዮዋ ናት የነገረችህ?»

«እኔ እዚያ ነበርኩ። የሞተው ጓደኛዬ ነው።»

ሃልቮር ፎቶውን አየ፤ ከዚያ ተረፈን። የተናገረው ግን ስለ ሟቹ አልነበረም። «ከወንዙ ማዶ ምንም የለም ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ተረፈ መወልወያውን ባልዲው ውስጥ ነከረ። ሃልቮር ናሙናውን ሁለት ላይ አጠፈው። «የወፏን ሥዕል አደርጋለሁ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ። «ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

ቀኑን ሙሉ ያቺ ቃል አልለቀቀችውም። ሃልቮር ባዕድ ነው፤ የቀረበትም ጥቂት ጠርሙስ ወይን ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ፊቱ ላይ የነበረው ቅሬታ ተረፈን እንቅልፍ ነሣው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊንደሩድ ወረደ።

በሩን የከፈተችው የጤናዬ ልጅ ፍሬ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የስፖርት ቦርሳ አንግባለች። «ማማ ቫስከሪ ናት፣ ታች። እኔ ትሬኒንግ አለኝ፤ ሃ ዴ!» ብላ ተሰናብታው በደረጃው እየዘለለች ወረደች።

ቫስከሪው የሕንፃው ነዋሪዎች በየተራቸው ልብስ የሚያጥቡበት ምድር ቤት ነው። ሦስት ማሽኖች፣ አንድ ትልቅ ማድረቂያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተራ ሰሌዳ። ጤናዬ እጅጌዋን ጠቅልላ አንሶላ እያራገፈች ነበር።

«ጋሼ ተረፈ! በሰላም ነው? ሳትደውል?»

«በሰላም ነው።»

«እንግዲያ ያዝልኝ ያንን ጫፍ። ተራዬ በአሥር ሰዓት ያልቃል፤ ያቺ ከአራተኛ ፎቅ ያለችው ደግሞ አንድ ደቂቃ አታሳልፍም።»

ጫፉን ያዘ። አጠፉት፣ ተጠጋጉ፣ ተራራቁ።

«ትናንት ለእማዬ ደወልኩላት፣» አለች ጤናዬ። «ጆሮዋ እምቢ ብሏል፤ እየጮህኩ ነው የማወራት። ያንኑ ነው የምትለው። ‘የልጄ አፈር የት እንደሆነ ሳላውቅ አልሞትም’ ትላለች። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላት እኮ። ወረኢሉ ያሉት ልጆች፣ ወይዘሮ ጌጤ ሞትን በግድ አስቁመውታል እያሉ ይቀልዱባታል።»

«ጤናዬ፣ መቃብሩ ተገኝቷል።»

«የማን?»

«የአበጋዝ።»

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ልብሱ በተቆለለበት ቅርጫት ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ ቀልድ እንዳልሆነ ስታውቅ ዕንባዋ ወረደ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች ተነሥታ እጁን ይዛ ሳመችው፣ መዳፉንና ጀርባውን። «አንተ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? እንዴት አገኘኸው? የት ነው?»

«ከጄኖቫ ወጣ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። በጥር ይቆፈራል። ዘመድ ካልቀረበ ከሌላው ጋር ይቀላቅሉታል።»

«እኔ እቀርባለሁ! እኔ አለሁ አይደል?» ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ቅንድቧ ሰብሰብ አለ። «ግን ሆስፒታል ሞቶ እንዴት መንደር ይቀብሩታል?»

ተረፈ አፉን ከፈተ።

«ቦታ ጠቧቸው ይሆናል፣» አለች ሳትጠብቀው። «ትልቅ ከተማ ነው እኮ፤ ዘመድ የሌለውን ሰው ወደ ገጠር ወስደው ይቀብሩታል። ምን ይደረግ፣ መገኘቱ ነው ትልቁ ነገር።» ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «ለእማዬ ልንገራት። ዛሬ እንኳ ተኝታ ትደር።»

ከዚያ በላይ ምንም አያስፈልግም ነበር። ውሸቱን ራሷ አሟልታ፣ አጥፋ፣ እጁ ላይ አኑራለታለች። የመንደሩን ማዘጋጃ ቤት ፊርማም ቢሆን ጣሊያንኛ ስለማታውቅ አጠገቧ ቆሞ ምን እንደሚፈርም ሳትሰማ ሊፈርም ይችላል። ሰውየው ተገኝቶ፣ እናቱ ተጽናንታ፣ እሱ በየመስከረሙ ከራስጌ እንደተቀመጠ ሊያረጅ ይችላል። ስልኩ መጥራት ሲጀምር ሰማው፤ ሩቅ፣ ቀጭን ጥሪ።

«ዝጊው» አላት።

«ምን?»

«ዝጊው ጤናዬ። አበጋዝ ሆስፒታል አልገባም።»

ስልኩን ዘጋችው። ማድረቂያው እየዞረ ነበር፤ አንድ የልብስ ብረት ቁልፍ በየዙሩ ሆዱን ይመታል። ተረፈ ቆሞ ነገራት። ስለ ጋኑና ስለ አተላው ነገራት። አበጋዝ የጠየቀውን፣ እሱ የመለሰለትን ነገራት። በገመድ መጎተታቸውን፣ ወደ ግንቡ መሸከማቸውን፣ ለፖሊሱ ያለውን ነገራት። ለሆስፒታሎቹ ደብዳቤ ስትጽፍ እያወቀ ዝም ማለቱን ነገራት። ቄስ አልነበረም አላት። ድምፁ አንድ ጊዜም አልተሰበረም፤ ቢሰበር ኖሮ እንድታዝንለት የፈለገ እንዳይመስልበት ፈርቶ ነበር።

ጤናዬ አላለቀሰችም። መሬት ላይ የወደቀውን አንሶላ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«አይቼዋለሁ ስትለው፣» አለች በመጨረሻ፣ «አመነህ?»

«አመነኝ።»

«ምንም ሳይጠይቅ?»

«ምንም ሳይጠይቅ ገባ።»

ማድረቂያው ጮኾ ቆመ። ጤናዬ ተነሥታ ልብሱን አወጣች። የፍሬን ሹራቦች፣ የባርነሃገውን የሥራ ልብስ፣ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ አጠፈች። ወደ አንሶላዎቹ ስትደርስ ተረፈ ጫፍ ሊይዝላት ጠጋ አለ። አላቀበለችውም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተመላለሰች፣ ብቻዋን አጠፈችው። ተንጋደደ። ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

«ለእማዬ ምን እንደምላት እኔ አውቃለሁ፣» አለች ቀና ሳትል። «አንተ እንዳትደውልላት።»

«እሺ።»

«በጥር ከሥራ ፈቃድ ታገኛለህ?»

«አገኛለሁ።»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ። ቋንቋውንም መንገዱንም የምታውቀው አንተ ነህ። ስሙን ከነአባቱ ስም፣ ከነአገሩ ታጽፋለህ፤ ከሥሩ ትፈርማለህ። ስትፈርም እኔ አያለሁ።»

«እፈርማለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ባለ ተራዋ ሴት ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ጤናዬ በኖርዌጂያንኛ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ጨርሻለሁ አለቻት፤ ፈገግም አለችላት። የራሷን ቅርጫት አነሣች። ከባድ ነበር። ተረፈ እንደ ልማዱ እጁን ሲዘረጋ ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችው።

በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ቲኬቱን ስትቆርጥ፣» አለች በአማርኛ፣ ሳትዞር፣ «ከእኔ ራቅ ያለ ወንበር ይሁን። ስንሄድም፣ ስንመለስም።»

«እሺ» አላት።